የወቅቶችን ሽታ በደብተርና በብልቃጥ ይዞ ማቆየት፦ እንዴት እንደሚሰራ

እርጥብ አፈር ብልቃጥ ውስጥ አትክደኑ። ከዚህ ጽሑፍ ይህችን ብቻ ይዛችሁ ብትሄዱም ቅር አይለኝም። እኔ የሚነግረኝ ሰው አጥቼ ከደንኩት፣ የእጄንም አገኘሁ። ታሪኩን ቦታው ላይ ስደርስ አወራችኋለሁ።

ነገሩ እንዲህ ነው። ያየነውን ፎቶ እናነሳለን፣ የሰማነውን እንቀዳለን፣ ሽታን ግን ዝም ብለን እናሳልፈዋለን። ወቅት መለወጡን ቀድሞ የሚነግረን ግን ብዙ ጊዜ አፍንጫችን ነው። ዓይን ገና ምንም ሳያይ «አየሩ ተቀየረ እኮ» እንላለን። ከአራት ዓመት በፊት ይህን ሽታ ልያዘው ብዬ ተነሳሁ። ሁለቱን ዓመት አበላሸሁ፣ ሁለቱ ደህና ሄዱልኝ። የምትኖሩበት አካባቢ አራት ወቅት ይኑረው፣ ወይም ዝናብና ደረቅ ብቻ ይፈራረቁበት፣ አሠራሩ ያው ነው።

የሚያስፈልጉ ዕቃዎች

አንድ ደብተር፣ አንድ እርሳስ፣ አሥር የሚሆኑ ትንንሽ የመስታወት ብልቃጦች፣ ለዓይን መድኃኒት እንደሚጠቀሙበት ያለ ማንጠባጠቢያ፣ ንጹህ ወረቀት። በቃ።

ብልቃጡ የግድ መስታወት ይሁን። ፕላስቲክ የራሱ ሽታ አለው፣ የሌላውንም ይጠጣል። ቀድሞ ሌላ ነገር የነበረበት ብልቃጥ ከሆነ መስታወቱ ታጥቦ ይጸዳል፤ ጣጣው ያለው ክዳኑ ላይ ነው። ክዳኑ ውስጥ ያለችው ቀጭን የጎማ ቀለበት አንዴ ሽታ ከያዘች አትለቅም። አሙቄ፣ ፀሐይ ላይ አስጥቼ፣ በሳሙና ዘፍዝፌ ሞክሬያለሁ። አትልፉ፣ ሌላ ክዳን ፈልጉ።

ከስልክ የሚጠቅመው ድምፅ መቅጃው ብቻ ነው፤ ለምን እንደሆነ ደረጃ 3 ላይ ታያላችሁ። የወቅት ስም የተለጠፈባቸውን ባለ ሽታ ሻማዎች ደግሞ ይህን ሥራ በያዛችሁበት ዓመት ባታበሯቸው ይሻላል። አፍንጫችሁ የፋብሪካውን ጸደይ ይለምድና ደጃፍ ላይ የቆመውን ይረሳዋል። ሽቶ መቀባትም እንዲሁ። ጉንፋን ከያዛችሁ ዕረፉ።

ደረጃ 1፦ ቀኑን መያዝ

ብዙ ሰው የሚሳሳተው የወቅቱን መካከል ሲጠብቅ ነው። ሙቀቱ ሲጠነክር፣ ዝናቡ ሲከብድ ይወጣና «ምንም አይሸተኝም» ብሎ ይመለሳል። አይሸተውም፣ እውነቱን ነው። አፍንጫ ለውጥን ነው የሚናገረው። አንድ ሽታ ሳይቋረጥ ከቀጠለ በደቂቃዎች ውስጥ ዝም ይላል። የራሳችሁ ቤት የማይሸታችሁ፣ እንግዳ ግን ገና በሩ ላይ የሚሸተው ለዚህ ነው። ከረጅም ጉዞ ስትመለሱ ደግሞ ለአንድ ትንፋሽ ያህል የቤታችሁ ጠረን ይመጣል፣ ወዲያው ይጠፋል።

ስለዚህ የምትጠብቁት መግቢያውን ነው። ከረጅም ድርቅ በኋላ የሚወርደውን የመጀመሪያ ዝናብ። የመጀመሪያውን ወፍራም ልብስ የሚያስለብስ ጠዋት። መሬቱ የጋለበትን የመጀመሪያ ቀትር። ሣር የታጨደበትን የመጀመሪያ ቀን። ቅጠል መርገፍ የጀመረበትን ሳምንት። ከእነዚህ አንዱ ሲመጣ ሥራ ቢኖራችሁም ለአምስት ደቂቃ ውጡ። ነገ ግማሹን አታገኙትም።

ደረጃ 2፦ ማሽተት

በረጅሙ አትሳቡ። አጫጭር አድርጋችሁ ሦስት አራት ጊዜ አነፍንፉ፣ ውሻ እንደሚያደርገው። ጎንበስ በሉ፣ መሬቱ አጠገብ ያለው ሽታና ፊታችሁ ላይ ያለው አንድ አይደለም። አፍንጫችሁ የደከመ ከመሰላችሁ የራሳችሁን ክንድ መታጠፊያ አሽትቱ፣ ያድሰዋል። ለዚህ የቡና ፍሬ ማሽተት ይጠቅማል ሲባል ሰምታችሁ ይሆናል፤ ከንጹህ አየር የተሻለ ነገር አያደርግም።

ደረጃ 3፦ መጻፍ

ሰው ሁሉ የሚወድቀው እዚህ ነው። እኔም ወድቄያለሁ። የመጀመሪያው ዓመት ደብተሬ ውስጥ «ደስ የሚል ሽታ» የሚለው 31 ጊዜ ተጽፏል። ቆጥሬዋለሁ። የትኛው የዝናብ፣ የትኛው የሣር፣ የትኛው የጎረቤት ሳሙና እንደሆነ ዛሬ ብትገድሉኝ አላውቅም።

የችግሩ ሥር ይሄ ነው፤ ቀለም ሲሆን ቀይ ብለን እንጨርሳለን፣ ሽታ ሲሆን ግን ምንጩን ነው የምንጠራው። የአፈር ሽታ፣ የጭስ ሽታ እንላለን። ምንጩን ካላወቅን አፋችን ይያዛል። ደግነቱ አማርኛ ባዶ እጃችንን አልተወንም። መዓዛ ሌላ ነው፣ ጠረን ሌላ ነው፣ ሽታ ሌላ ነው። ይሰነፍጣል፣ ይከረፋል፣ እምክ እምክ ይላል፣ ያውዳል የሚሉት ቃላት እያንዳንዳቸው የተለየ ነገር ይናገራሉ። እነዚህን አውጡና ተጠቀሙባቸው፣ «ደስ ይላል»ን ደግሞ ከደብተሩ አግዱት።

አሁን የማደርገው እንዲህ ነው። መጀመሪያ ምንጩን አልጠራም። ሰውነቴ ላይ ምን አደረገ? ሰነፈጠኝ? አቀዘቀዘኝ? ጉሮሮዬን አደረቀው? ይህ ጥያቄ ቀላል ይመስላል እንጂ ትልቅ ነገር ይለያል፣ ምክንያቱም ፊታችን ላይ ሙቀትን፣ ብርድንና ማቃጠልን የሚያስተላልፈው ነርቭ ከማሽተት ነርቭ የተለየ ነው። የብርድ ሽታ ከምንለው ውስጥ ብዙው በዚህኛው በኩል የሚመጣ ስሜት ነው።

ቀጥሎ ጠባዩን አያለሁ። እርጥብ ነው ደረቅ? ከመሬት ይነሳል ወይስ ከነፋስ ጋር ይመጣል? ይቀመጣል ወይስ ብልጭ ብሎ ይጠፋል? ከዚያ በኋላ ነው ማመሳሰል የሚፈቀደው፤ እሱም «እንደ ተፈጥሮ» በሚል ደብዛዛ ነገር ሳይሆን በሚጨበጥ ዕቃ። ዝናብ የነካው የብረት አጥር። ለዓመታት ያልተከፈተ የመጽሐፍ ሣጥን። የተፋቀ እርሳስ።

ትዝታችሁን ደግሞ ሌላ ገጽ ላይ ጻፉት። ይህን በጥብቅ ነው የምለው። የሽታ መልእክት ወደ አንጎል ሲገባ እንደ ዓይንና እንደ ጆሮ መልእክት ታላመስ በሚባለው ማከፋፈያ በኩል አይዞርም፤ ስሜትና ትዝታ ወደሚሠሩባቸው ክፍሎች በቀጥታ ይደርሳል። ስለዚህ ትዝታው ከቃሉ ይቀድማል፣ ቦታውንም ሁሉ ይወስዳል። አንዴ ስለ ዝናብ ልጽፍ ተቀምጬ ሁለት ገጽ ሙሉ ስለ ልጅነት ጓደኛዬ ጽፌ ተነስቻለሁ። ዝናቡ አንድ መስመር አልደረሰውም።

ድምፅ መቅጃው የሚጠቅመው እዚህ ነው። ደብተር ፍለጋ ወደ ቤት ስትገቡና ስትወጡ ሽታው ይሄዳል። እዚያው ቆማችሁ ተናገሩ፣ በኋላ ገልብጡት። ቀኑን፣ ሰዓቱን፣ ነፋሱን፣ ከሁሉ በላይ ደግሞ ስንት ቀን ሳይዘንብ እንደቆየ መዝግቡ።

ከሦስተኛው ዓመት ደብተሬ አንዱን ልገልብጥላችሁ፦

«ከ40 ቀን ድርቅ በኋላ። አመሻሽ። ነፋስ ቀደመ፤ ስል ነው፣ ብረት ብረት ይላል፣ አፍንጫ ጫፍ ላይ ይቆማል። ትንሽ ቆይቶ ጠብታ። ሽታው ወረደ፣ ወፈረ፣ ሸክላ ሆነ። ዝናቡ ሲበረታ ጠፋ።»

ይህን ስጽፍ ስለ ሳይንሱ የማውቀው ነገር አልነበረም። በኋላ ሳነብ ግን ሁሉም መስመር መልስ አለው። ያ ስል ሽታ ኦዞን ነው። መብረቅ ኦክስጅንን ይሰነጥቀውና ኦዞን ይፈጠራል፣ ከማዕበሉ የሚወርደው ነፋስ ደግሞ ከዝናቡ ቀድሞ ወደ መሬት ያመጣዋል። ስሙን በ1840 ያወጣለት ሾንባይን የተባለ ኬሚስት ሲሆን ቃሉን የወሰደው «መሽተት» ከሚል የግሪክ ግስ ነው። የሸክላው ሽታ በ1964 ፔትሪኮር ተባለ፤ ስሙን ያወጡት ኢዛቤል ጆይ ቤር እና ሪቻርድ ቶማስ የተባሉ የአውስትራሊያ ተመራማሪዎች ናቸው። በድርቅ ጊዜ ከዕፅዋት የሚወጣ ቅባት በድንጋይና በሸክላ አፈር ላይ ይጠራቀማል፣ ጠብታ ሲነካው ይለቀቃል ነው የሚሉት። ከዚህ ጋር አፈር ውስጥ ያሉ ባክቴሪያዎች የሚሠሩት ጂኦስሚን አለ፤ ጥሩ የአፈር ሽታ የምንለው እሱ ነው። አፍንጫችን ከትሪሊዮን ውስጥ ጥቂት እጅ ብቻ ቢሆን እንኳ ይለየዋል።

ዝናቡ ሲበረታ ለምን ጠፋ ለሚለው ደግሞ በ2015 ኤም አይ ቲ በሚባለው የአሜሪካ የቴክኖሎጂ ዩኒቨርሲቲ ያሉ ተመራማሪዎች ጠብታ ሲወድቅ በፈጣን ካሜራ ቀርጸው አይተውታል። ጠብታው ደረቅ መሬት ሲመታ ትንንሽ የአየር አረፋዎች ከሥሩ ይያዛሉ፣ ወደ ላይ ወጥተው ይፈነዳሉ፣ ሽታውን ይዘው አየር ላይ ይረጩታል። ይህ በደንብ የሚሆነው በቀላልና በመካከለኛ ዝናብ ነው፤ ዶፍ ሲሆን ይቀንሳል። ይህችን ያዙልኝ፣ ቀጥሎ ታስፈልገናለች።

ደረጃ 4 እና 5፦ መሰብሰብና ማድረቅ

ሁለቱን ያጣመርኳቸው ለይቼ ሠርቼ ስለተቃጠልኩ ነው።

በሁለተኛው ዓመት የመጀመሪያው ዝናብ ሲያባራ ሮጬ ወጣሁ። አፈሩ ያውዳል። በማንኪያ እየዛቅኩ ብልቃጥ ሞላሁ፣ ጥርቅም አድርጌ ከደንኩ፣ ጨለማ መደርደሪያ ላይ አስቀመጥኩ። ኮራሁ እንዲያውም። ከሦስት ሳምንት በኋላ እንግዳ መጣና «የዝናብ ሽታ ላሳይህ» ብዬ ከፈትኩለት። የበሰበሰ እንቁላል! እንግዳዬ ጨዋ ነው፣ ምንም ሳይናገር ተነስቶ መስኮት ከፈተ።

የታሸገ እርጥብ አፈር ውስጥ ያሉት በዓይን የማይታዩ ረቂቅ ነፍሳት ኦክስጅኑን ይጨርሱታል። ከዚያ ያለ ኦክስጅን የሚኖሩት ባክቴሪያዎች ይረከባሉ፣ የእነሱ ሥራ ደግሞ ያ ግማት ነው። ግን ጥፋቴ ክዳኑ ብቻ አልነበረም። የሄድኩበት ጊዜም ነው። ከላይ እንዳልኩት ሽታው የሚጠራቀመው በድርቁ ጊዜ ነው፤ ዝናቡ የሚያደርገው መልቀቅ ነው። እኔ አፈሩን ስዝቀው ሽታው ወደ አየር ወጥቶ ነበር። የዝናብን ሽታ ይዞ የተቀመጠው ዝናብ ያልነካው አፈር ነው። በህንዷ ካናውጅ ከተማ ሽቶ ሠሪዎች ይህንኑ ሽታ የሚያወጡት ከተተኮሰ ደረቅ ሸክላ መሆኑን ሳውቅ በራሴ ሳቅሁ።

ስለዚህ በደረቁ ወቅት መጨረሻ፣ ደመናው መሰብሰብ ሲጀምር ውጡ። መኪና ከሚያልፍበትና ዘይት ከሚፈስበት ራቁ። የላይኛውን ሁለት ሦስት ሴንቲሜትር ብቻ ውሰዱ፣ ከዚያ በታች አትቆፍሩ። ደረቅ ቢመስላችሁም ወረቀት ላይ ዘርግታችሁ ጥላ ውስጥ ሦስት አራት ቀን አቆዩት። እሳት ላይ ለማፍጠን አትሞክሩ፣ የምትፈልጉትን ነገር ነው የምታተኑት። ከዚያ ብልቃጡን እስከ አንገቱ ሙሉ፣ ብዙ አየር አትተዉበት።

ማሽተት ስትፈልጉ አንድ ማንኪያ አፈር ሳህን ላይ አድርጉና ውሃ አንጠባጥቡበት። አታፍሱ! ዶፍ ሽታ እንደማያወጣ አይተናል። አንድ ስንዝር ያህል ከፍ አድርጋችሁ አምስት ስድስት ጠብታ፣ እያረፋችሁ። የቧንቧ ውሃ ክሎሪን ክሎሪን የሚል ከሆነ ክፍት ዕቃ ውስጥ አሳድሩት። የረጠበውን አፈር ወደ ብልቃጡ አትመልሱ። ብልቃጥ ስትከፍቱም አፍንጫችሁን አትክተቱ፤ የአፈር ብናኝና ሻጋታ ለሳንባ አይሆንም። በእጃችሁ ወደ ራሳችሁ አርገብግቡት።

የሌሎቹ ወቅቶች ነገር አጭር ነው።

ሣር። የታጨደ ሣር ሽታ አይያዝም፣ ተስፋ ቁረጡ። ተክሉ ሲቆረጥ የሚለቀው ነገር ነው፣ ቶሎ ይለወጣል። ማቀዝቀዣ ውስጥ አስቀምጬ ሞክሬ የደረሰኝ እምክ እምክ የሚል አረንጓዴ ብስባሽ ነው። ትኩሱን ለደብተር ተዉት። ሲደርቅ ግን ሌላ ወቅት ይሆናል፤ ያ ጣፈጥ ያለው የድርቆሽ መዓዛ በአብዛኛው ኩማሪን የተባለ ነገር ነው፣ በ1868 ዊሊያም ፐርኪን የተባለ እንግሊዛዊ ኬሚስት በቤተ ሙከራ ሠርቶታል። እሱ ብልቃጥ ውስጥ ዓመት ይቆያል። ከአንድ ሣር ሁለት ወቅት ማግኘት ለእኔ ከዚህ ሥራ ሁሉ ደስ የሚለኝ ነገር ነው።

ቅጠል። ከላይ የረገፈውንና ከክምሩ ሥር ያለውን ለየብቻ ውሰዱ። የታችኛው የሻጋታና የአፈር ሽታ አለው። ሁለቱንም አድርቁ።

ሙቀት። የዛፍ ቅርፊት፣ በተለይ ሙጫ ያለው። ስታሸቱት መጀመሪያ እጃችሁ ውስጥ ጨብጣችሁ አሙቁት፤ ሙቀት ሽታን ያስነሳል፣ የወቅቱም ምስጢር ይኸው ነው። የጋለ አስፋልት ለደብተር።

ብርድ። ከሁሉ የሚያስቸግረው ይሄ ነው። በብርድ ከዕቃ የሚተንነው ነገር ስለሚቀንስ አየሩ ባዶ ይሆናል። የቀረችው ትንሽ ሽታ ግን ጎልታ ትሰማለች። ጭስ በተለይ፤ ፀጥ ባለ ቀዝቃዛ ጠዋት መሬት አጠገብ ያለው አየር ከላይኛው ይበርዳል፣ ጭሱም ሽቅብ መውጣት አቅቶት ሰፈሩ ላይ ይተኛል። እኔ የያዝኩት የከሰለ እንጨት ቁራጭና ወራት ተጣጥፎ ከቆየ የሱፍ ልብስ የተቀደደ ጨርቅ ነው።

አልኮል ውስጥ መዘፍዘፍ፣ ስብ ላይ ማስጠጣት የሚባሉ ዘዴዎችም አሉ። ሽቶ ለመሥራት ጥሩ ናቸው። ወቅትን ለማስታወስ ግን የሚተርፋችሁ የአልኮልና የስብ ሽታ ነው፤ አልኮሉ ደግሞ እሳት ይወዳል።

ደረጃ 6፦ መፈተን

ብልቃጦቹ ላይ ስም አትጻፉ። ቁጥር ብቻ ጻፉ፣ ቁጥሩ ምን እንደሆነ ደግሞ ደብተሩ መጨረሻ ላይ። እኔ «የመጀመሪያ ዝናብ» ብዬ የለጠፍኩበትን ብልቃጥ በከፈትኩ ቁጥር ዝናብ ይሸተኝ ነበር። አንድ ቀን ስም ሳላይ ስከፍተው ተራ አቧራ ሆኖ አገኘሁት። ለካ ስሙን ነበር የማሸተው።

ስድስት ወር ካለፈ በኋላ ሌላ ሰው ይክፈትላችሁ፣ ዓይናችሁን ጨፍኑ፣ የሸተታችሁን ጻፉ፣ ከዚያ ከደብተሩ ጋር አስተያዩ። የደበዘዘውን ጣሉና በሚቀጥለው ዓመት በዚያው ሳምንት ተኩት። ቅጠሉ ቶሎ ይሞታል፤ የእኔ አፈር ግን ሁለት ዓመት አልፎታል፣ አሁንም ይሠራል።

በመጨረሻው ፈተናዬ ጓደኛዬ ዘጠኝ ብልቃጥ ከፈተልኝ፣ ስድስቱን አገኘሁ። ሁለቱን የቅጠል ብልቃጦች አቀያይሬያቸዋለሁ። ዘጠነኛው ላይ ቆየሁ፣ ደጋግሜ አነፈነፍኩ፣ በመጨረሻ «ብርድ» ብዬ ጻፍኩ። ጓደኛዬ ሳቀ። ባዶ ብልቃጥ ነው የሰጠኝ። ስህተት ነው ይላል፤ እኔ ደግሞ ትክክል ነው ባይ ነኝ፣ እስካሁን አልተስማማንም።